ከዕርቁ በፊት የልጁ ደኅንነት፦ የትምህርት ቤት ጉልበተኝነት ለሕይወት አስጊ ሲሆን

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ለንጹሕ መጠጥ ውኃ ሥራ የመስክ ክትትል ወደ አንድ የወረዳ ከተማ በሄድንበት ጊዜ፣ በደብሩ የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት አንድ ዕርቅ ሲፈጸም ለማየት ዕድል ገጥሞን ነበር። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ግራ ክንዱ በጄሶ ታስሮ ከአባቱ ጎን ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ሦስት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ቆመዋል። ወራት ሙሉ የእርሳስና የዳቦ ገንዘቡን ሲቀሙት የቆዩት፣ በመጨረሻም ከትምህርት ቤት ሲመለስ በድንጋይ ክንዱን የሰበሩት እነርሱ ናቸው። ሽማግሌዎቹ የሕክምናውን ወጪ አስከፈሉ፤ ሦስቱም ልጆች የአባትየውን ጉልበት ሳሙ፤ የተጎዳውም ልጅ «ይቅር ብያለሁ በል» ተብሎ እየተንቀጠቀጠ አለ። አባቶች ባረኩ፤ ዳቦ ተቆረሰ። እኛም ደስ ብሎን ወጣን፤ እንዲያውም በመስክ ሪፖርታችን ላይ ነገሩን በመልካም ተሞክሮነት መዝግበነው ነበር።

ከትንሣኤ በዓል በኋላ ስንመለስ ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ አገኘነው። ዕርቁ በተፈጸመ በሁለተኛው ሳምንት እነዚያው ሦስቱ ልጆች ከድልድዩ አጠገብ ጠብቀው «አባቶቻችንን ገንዘብ አስከፈልሃቸው» በማለት ጀርባውን በሴንጢ ወግተውታል። ቁስሉ ጥልቅ ስላልነበረ ሕይወቱ ተርፏል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንባ እየተናነቃቸው «እኛ እኮ አስታርቀን ነበር» አሉን። እውነት ነው፤ አስታርቀው ነበር። ነገር ግን በዚያ ስብሰባ ላይ ልጁ ነገ በየትኛው መንገድ እንደሚመለስ፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ ማንም አልጠየቀም። እኛም እዚያው ተቀምጠን አልጠየቅንም።

ይህን ጽሑፍ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት አባቶች ስናቀርብ ምክንያታችን ግልጽ ነው። በአብዛኛው አጥቢያ ወላጅ ልጁ በትምህርት ቤት ሲጠቃበት ከፖሊስም ከትምህርት ጽሕፈት ቤትም በፊት የሚያንኳኳው የንስሐ አባቱን ደጅ ነው። በዚያ ደጅ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር የልጁን ዕጣ ሊወስን ይችላል።

ለነገሩ በቋንቋችን አንድ ቁርጥ ያለ ስም አልወጣለትም። አንዱ ትንኮሳ ይለዋል፤ ሌላው ማስፈራራት፤ በከተማ ደግሞ ቡሊንግ የሚሉም አሉ። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ግን «የልጆች ጠብ» የሚለውን ነው፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ስም ነው። በኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የነበረው ተመራማሪ ዳን ኦልዌየስ ጉልበተኝነትን ከተራ ጠብ የሚለይባቸውን ሦስት ምልክቶች አስቀምጧል፤ ሆን ተብሎ መፈጸሙ፣ መደጋገሙና በአጥቂውና በተጠቂው መካከል የኃይል አለመመጣጠን መኖሩ ናቸው። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ልጆች በኳስ ቢጣሉ ሁለቱንም ገሥጾ ማስታረቅ ይበቃል። ሦስት ታላላቆች አንድ ታናሽን በየቀኑ ሲያሳድዱ ግን «ሁለታችሁም ጥፋተኞች ናችሁ፤ ተቃቀፉ» ማለት ተጠቂውን ለሁለተኛ ጊዜ ማጥቃት ነው።

በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ሦስት ታዳጊ ወንዶች ራሳቸውን አጠፉ፤ የእኩዮቻቸው ጉልበተኝነት ዋናው ምክንያት ሳይሆን እንዳልቀረም ተዘገበ። የአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴር በቀጣዩ ዓመት አገር አቀፍ ዘመቻ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእኩዮቹ መጠቃቱን አመልክቷል። ስለዚህ ወደ ደጃችን የሚመጣው ወላጅ ብርቅ ነገር ይዞ አይመጣም።

ጉልበተኝነት ሁሉ እኩል አስጊ ባለመሆኑ ወላጅም ካህንም መለየት ያለበት ወሰን አለ። ስድብና ማግለል ወደ ድብደባ ሲሸጋገር፣ ስለት ወይም ዱላ ሲታይ፣ «እንገድልሃለን» የሚል ዛቻ በቃልም ሆነ በቴሌግራም ሲላክ፣ ገንዘብ መቀማቱ የዕለት ግብር ሲሆን፣ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ አድፍጦ መጠበቅ ሲጀመር፣ የሴት ልጅም ሆነ የወንድ ልጅ አካል ያለ አግባብ ሲነካ፣ ልጁም ራሱ «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ሲጀምር ጉዳዩ ከምክርና ከተግሣጽ አልፏል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢገኝ ነገ ሳይባል ዛሬ መነሣት ያስፈልጋል።

ልጆች ደግሞ አይናገሩም። የሚናገረው ደብተሩ ነው፤ የተቀደደው የደንብ ልብሱ ነው። ሰኞ ጠዋት ብቻ የሚነሣ የሆድ ቁርጠት፣ የጠፋ ገንዘብ፣ የተቀየረ መንገድ፣ በሌሊት መቃዠት፣ አድጎ ሳለ አልጋ ላይ መሽናት ወላጅ ሊጠይቅባቸው የሚገቡ ናቸው። አጠያየቁም ቁም ነገር አለው። «ማን መታህ? አንተስ ምን አድርገህ ነው?» የሚል ጥያቄ የልጁን አፍ ይዘጋል። ቁጭ ብሎ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ ልጁ በራሱ ቃል እስኪጨርስ መታገሥ፣ ከዚያም «ስለነገርከኝ ደግ አደረግህ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ማለት ይቀድማል። «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት ግን አይገባም፤ ቃሉ ነገ ይፈርሳልና። «አንተን ለመጠበቅ ለሚረዱን ሰዎች ብቻ እነግራለሁ፤ ከመናገሬም በፊት ላንተ እገልጽልሃለሁ» ማለት እውነቱን መያዝ ነው።

አካሉ የተጎዳ ልጅ ወደ ጤና ተቋም መሄዱ ከሁሉ ይቀድማል። ራሱን የተመታ ልጅ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከተጫነው፣ ንግግሩ ከተዛባ፣ ሰውነቱን ካንቀጠቀጠው፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ወይም ከጆሮውና ከአፍንጫው ደም አልያም ውኃ መሳይ ፈሳሽ ከወጣ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሆዱን ተረግጦ ሕመሙ እየባሰ የሚሄድም እንዲሁ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 የስልክ ቁጥር ይጠራሉ። ጠበልና ጸሎት ከሕክምና ጋር አይጣሉም፤ ካህኑ ራሱ «መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ እኔም አብሬ እመጣለሁ» ቢል ብዙ ወላጅ ከማመንታት ይድናል። ጉዳቱ ቀላል ቢመስልም የሕክምና ማስረጃ ማውጣት፣ የቁስሉን ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የዛቻ መልእክቱን ሳያጠፉ ማስቀመጥ፣ ቀኑንና ቦታውን በደብተር መጻፍ በኋላ «ማስረጃ የለህም» ከሚል መልስ ይጠብቃል።

ጾታዊ ጥቃት ከሆነ ሰዓት ይቆጠራል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ መጠንም ይበልጥ ይጠቅማል። ለሴት ልጅ እርግዝናን የሚከላከለው መድኃኒትም እንዲሁ በቀናት የተወሰነ ነው። የልጁ ልብስ አይታጠብ፤ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ልጁም ከተቻለ ከምርመራው በፊት ገላውን አይታጠብ። እናቶች ከኀፍረት የተነሣ መጀመሪያ የሚያደርጉት ማጠብ ነውና ይህን በሰንበት ትምህርት ቤትና በማኅበር ላይ አስቀድሞ መንገር ይገባል። የአንድ ሳምንት ሽምግልና እነዚያን 72 ሰዓታት ሙሉ በሙሉ ይበላቸዋል።

ሞትን የሚያነሣ ልጅ ሲገጥመን ብዙዎቻችን እንደነግጥና «ይህ ኃጢአት ነው፤ ዝም በል» እንላለን። ትምህርቱ ጊዜ አለው፤ የመጀመሪያው ቃል ግን እርሱ አይደለም። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ልብ አይዘራም፤ ይልቁንም የተሸከመውን እንዲያወርድ በር ይከፍታል። «አዎን» ካለ ብቻውን አይተውም። ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ገመድና ስለት ከቤት ይወገዳሉ፤ በዚያው ቀንም ወደ ሐኪም ይወሰዳል። በገጠሩ አጥቢያ የእርሻ ኬሚካል ከአልጋ ሥር እንደሚቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን።

እዚህ ላይ አባቶች ለልጆቻቸው ስለሚሰጡት አንድ ምክር ሳንናገር አናልፍም፤ «ወንድ አይደለህም? መልሰህ ምታ» ስለሚለው። ከእኩያው ጋር ለተጣላ ልጅ እንኳ አከራካሪ ነው። ከሦስት ጉልበተኞች ፊት ለቆመ ልጅ ግን ወይ ሴንጢ በቦርሳው እንዲይዝ ያደርገዋል፣ ወይም መምታት ሲያቅተው ለአባቱ መናገር እንዲያቆም ያደርገዋል። አባት ራሱ በቁጣ ወደ አጥቂው ልጅ ቤት መሄዱም እንዲሁ ጠብን ከልጆች ወደ ቤተሰብ ያሸጋግራል፤ በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ከቤተሰብ ወደ ደም ያደርሳል። በዚህ ጊዜ የንስሐ አባት «ልጄ፣ አንተ ዛሬ ከልጅህ ጋር ዋል፤ እኔ ከሊቀ መንበሩ ጋር ወደ ርእሰ መምህሩ እሄዳለሁ» ማለቱ ከረጅም ስብከት ይበልጣል።

ለትምህርት ቤቱ የሚቀርበው አቤቱታ በጽሑፍ ይሁን። በቃል የተነገረ ነገር በዕረፍት ሰዓት ይረሳል፤ ርእሰ መምህሩ ሲቀየርም አብሮ ይሄዳል። መጻፍ ለማይችሉ ወላጆች የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ወይም አንድ ዲያቆን ሊጽፍላቸው ይችላል፤ ይህ ምንም በጀት አይጠይቅም። ደብዳቤው ምን፣ መቼ፣ የት እንደተፈጸመና ማን እንዳየ ያለ ስድብና ያለ ማጋነን ይግለጽ። በመዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቀንና ቁጥር የተጻፈበት ቅጂ በወላጅ እጅ ይቅር። «አስፈላጊው ሁሉ ይደረግልኝ» ብሎ መደምደም ልማዳችን ቢሆንም እንዲህ ያለ ልመና ማንንም አያስገድድም። የሚፈለገው ተለይቶ ይጠየቅ፦ አጥቂዎቹ ከልጁ ክፍል ወይም ፈረቃ እንዲለዩ፣ በዕረፍት ሰዓትና በመጸዳጃ ቤት አካባቢ መምህር እንዲቆም፣ ልጁ በማንኛውም ሰዓት ሊሄድለት የሚችል አንድ መምህር በስም እንዲመደብ፣ እስከዚህ ቀን ድረስም የጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ። አብዛኛውን ጊዜ ክፍል እንዲቀይር ወይም ትምህርት ቤት እንዲለቅ የሚገደደው የተጠቃው ልጅ ነው። አደጋው ሌላ መውጫ ካላሳጣ በቀር ይህን መቀበል አይገባም፤ ለአጥቂውም ለተመልካቹም የተሳሳተ ትምህርት ይሰጣልና። ትምህርት ቤቱ ዝም ካለ ወደ ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት፣ ቀጥሎም ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይቻላል።

ሕጉም ከወላጅ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 19 ከማናቸውም ዓይነት ጥቃት እንዲጠበቁ ያዛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በወንጀል ተጠያቂ አያደርግም፤ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያለውን ደግሞ እንደ አዋቂ ሳይቀጣ ለዕድሜው በተወሰኑ እርምጃዎች እንዲታረም ያደርጋል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ብዙ ሰው ሕፃን ልጅ እስር ቤት ሊገባብኝ ነው በሚል ርኅራኄ ፖሊስን ስለሚሸሽ ነው። ስለት በታየበት፣ ከባድ ጉዳት በደረሰበት ወይም ጾታዊ ጥቃት በተፈጸመበት ጊዜ ወደ ፖሊስ፣ በተለይም የሕፃናትና የሴቶች ጉዳይ ክፍል ባለበት ወደዚያ መሄድ ተገቢ ነው። እንዲህ ያለው ወንጀል በቤተሰቦች ስምምነት ብቻ አይዘጋም። ሽማግሌዎችም ሊዘጉት መሞከር የለባቸውም።

ታዲያ ሽምግልና ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ያለ ዕርቅ ምን ትሆናለች? የምንጠይቀው ቅደም ተከተሉ እንዲስተካከል ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 37 የተጻፈውን የሮቤልን ነገር እናስታውስ። ወንድሞቹ ዮሴፍን ሊገድሉት ሲማከሩ እርሱ ግድያውን ተቃወመ፤ ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ልጁን ከእጃቸው አላወጣውም። ወደ ጕድጓድ እንዲጣል መክሮ፣ በኋላ ተመልሶ ሊያወጣው አስቦ ሄደ። ሲመለስ ጕድጓዱ ባዶ ነበር። እኛም በዚያች ከተማ ያደረግነው ይኸው ነበር፤ ልጁን ከዚያ መንገድ ሳናወጣው ነገሩ በበጎ እንዳለቀ ቆጠርነው።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ሲጠሩ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ካሣው ስንት ነው ሳይሆን ልጁ ዛሬ የት ያድራል፣ ነገ ከማን ጋር ይሄዳል የሚል ይሁን። ልጁ ሕክምናውን ሳይጨርስ፣ ጥበቃው በተግባር ሳይታይ፣ አጥቂዎቹም ያደረጉትን በግልጽ ሳያምኑ ፊት ለፊት ማቅረብ አያስፈልግም። ከወላጆቹ ጋር ለየብቻ መነጋገር ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም ይሻላል። ካሣ ሲወሰን የአጥቂው ወላጅ ገንዘቡ ልጁን እንዳያስቆጣና የበቀል ምክንያት እንዳይሆን በጽሑፍ ኃላፊነት ይውሰድ። የተጠቃውን ልጅ «ይቅር በል» ብሎ ማስገደድ ደግሞ ይቅርታን ከፍርሃት ጋር ማመሳሰል ነው። ይቅርታው ሲመጣ ይምጣ፤ ዓመትም ቢፈጅ።

በኑዛዜ የሚሰማ ነገር የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። የኑዛዜ ምሥጢር አይነካም። ሆኖም ካህኑ ልጁ የተናዘዘው የራሱን ኃጢአት ሳይሆን በእርሱ ላይ የተፈጸመውን በደል መሆኑን ለይቶ ሊያስረዳው፣ ለእናቱ ወይም ለሚያምነው መምህር ራሱ እንዲናገር ሊያበረታታው፣ ሲናገርም ከጎኑ ሊቆም ይችላል።

የአጥቂው ልጅ ወላጅም ምእመን ነው፤ ምናልባትም የሰበካ ጉባኤው አባል ይሆናል። ስሙ እንዳይነሣ ብለን ከሸፋፈንን ልጁን አልረዳነውም። አብዛኛውን ጊዜ በሌሎች ላይ የሚያደርገውን ከቤቱ ወይም ከሰፈሩ የተማረ ልጅ ነው፤ በዱላ ቢገረፍ የሚማረው ጉልበት እንደሚሠራ ብቻ ነው። ክትትል፣ የጠፋውን በሥራ መመለስ፣ ከቡድኑ መለየትና በየሳምንቱ የሚያነጋግረው አንድ ታላቅ ሰው ያስፈልጉታል።

በዙሪያ ቆመው የሚመለከቱትን ልጆች ደግሞ አንርሳ። በፊንላንድ የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ኪቫ የተባለ መርሐ ግብር ትኩረቱን በተለይ በእነርሱ ላይ አድርጓል፤ ጉልበተኛ የሚበረታው ተመልካቾቹ ሲስቁለት ወይም ዝም ሲሉለት ነውና። በየአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤቶች በየትምህርት ቤቱ የሚማሩ ልጆች አሉን። ማን ብቻውን እንደሚቀመጥ፣ ማን በአነጋገሩ፣ በድህነቱ፣ በአካል ጉዳቱ ወይም ተፈናቅሎ በመምጣቱ እንደሚሰደብ ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። ከተጠቃው ልጅ ጋር አብረው እንዲሄዱና ለአዋቂ እንዲነግሩ ማስተማር ይቻላል። ከአጥቂው ጋር እንዲጋጩ ግን አንልካቸውም።

በዚያች ከተማ በኋላ የተደረገው ብዙ አልነበረም። ጉዳዩ ለፖሊስ ቀረበ። ከሦስቱ ልጆች ሴንጢውን የያዘው ወደ ሌላ ፈረቃ ተዛወረ፤ አባቱም በየሳምንቱ ወደ ርእሰ መምህሩ እየመጣ እንዲፈርም ተስማማ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰባት ወጣቶች ተራ ገብተው ልጁንና በዚያው መንገድ የሚመለሱትን ሌሎች ዐሥራ አንድ ልጆች ድልድዩን ማሻገር ጀመሩ። ዐሥራ አንዱ ከየት መጡ ብለን ስንጠይቅ እነርሱም ይፈሩ ነበር ተባልን፤ አንድም ቀን ማንም አልጠየቃቸውም። ልጁ መስከረም ላይ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ፤ በዚያው ክፍል እየደገመ ነው። ሦስቱን ልጆች እስካሁን አላነጋገራቸውም፤ ሽማግሌዎቹም እንዲያነጋግራቸው አልጠየቁትም።